ረጅሙ ዘንግ ወደ ፉሪ

ደቡብ ሕንድ፣ ከራዳር ጣቢያው
ጥቅምት 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ ሸምሲያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎንም፣ አባቴንም፣ የጌጃ ሰፈር ጎረቤቶቻችንንም በአላህ ጥበቃ ሥር እንዲያገኛችሁ ዱዓዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የዚህ አገር በርበሬ የእኛን ያስንቃል፤ ከእሱ በቀር የሚያስለቅሰኝ የለም።

ከዩኒቨርሲቲው ወደዚህ ጣቢያ ከተዛወርኩ ወር ሆነኝ። ዙሪያው የሩዝ ማሳ ነው፤ ከማሳው ማዶ ኮረብታ አለ። ይህን ለአባቴ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት። አንድ ሜዳ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ አንቴና ተተክሏል። ሁሉም እሱ ከሱቅዎ ጎን ባለችው ቆርቆሮ ቤት ሲሠራው የኖረው ዓይነት ነው፤ አንድ ረጅም ዘንግ፣ ከዚያ አጫጭሮቹ። ልዩነቱ እነዚህ ቴሌቪዥን አይፈልጉም፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ስሙን ከመጽሐፍ ነው የተማሩት። እኔ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ቱቦ እየያዝኩለት ነው ያወቅኩት፤ ኮርቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለያችሁ አባቴን ሳል አላስተኛ ብሎት ነበር። እናቴ የሞተች ጊዜ ልጅ ናት ብላችሁ ጎረቤታችን ወይዘሮ ወይንሀረግ ቤት ደበቃችሁኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ብስኩት ስበላ፣ እናንተ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ይለቀስ ነበር። አክስቴ፣ አሳድገውኛል፤ ለዚያ ውለታ መክፈያ የለኝም፤ ያንን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩዎትም። አባቴ ከባሰበት አይደብቁኝ። ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ። በሕይወት ሳለ ልየው። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

አክባሪዎ ሙፊዳ በከር

*

አዲስ አበባ፣ ልደታ
ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙፊዳ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከማታውቂው ምግብና ከሕንድ ነጂ ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽን ለበከር አነበብኩለት። «አንድ ሺህ?» አለና ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ያልሰማ ጎረቤት አልቀረም። አቶ ደገፋ ቤታቸው ስልክ ሊደውል የመጣውን ሰው ሁሉ አስቁመው ይነግራሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነፋስ ለመለካት ሕንድ ድረስ ምን አስኬደሽ? ነፋስማ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሞልቷል፤ የባለጉዳዩን ወረቀት ሁሉ እየነጠቀ ይወስዳል፤ ቆመሽ መለካት ነበር። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነሻል ብለን ደስ ሲለን፣ ገና እማራለሁ ብለሽ ሽማግሌ አባትሽን ጥለሽ ሄድሽ። ተናድጃለሁ፤ አልደብቅሽም።

ሳሉ አለ። አዲስ ነገር የለውም፣ ግን አልተወውም። ብየዳውን ተው ብለው ሰምቶኝ አያውቅም። የሕንድ የሳል ሽሮፕ ጥሩ ነው ይባላል፤ ሰው ስታገኚ ሁለት ጠርሙስ ላኪ። ደግሞም ለእረፍት ነይ። እኔን ብለሽ ሳይሆን እሱን ብለሽ ነይ።

አክስትሽ ሸምሲያ

ከዚህ በታች ያለው የእሱ ጽሕፈት ነው፤ እስኪጨርስ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ሙፊዬ፣ ወደ ሰማይ ከሆነ ረጅሙ ከታች፣ አጫጭሩ ከላይ መሆን አለበት። በትክክል ሠርተውት እንደሆነ ዞረሽ አይተሽ ጻፊልኝ። አባትሽ በከር።

*

ከራዳር ጣቢያው
ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ረመዳን ደርሷልና አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ። ሽሮፑን አዲስ አበባ ለሚመለስ ተማሪ ሰጥቻለሁ፤ ሱቅዎ ድረስ ያመጣል።

ለአባቴ ይንገሩት፤ ሜዳውን ዞሬ አይቻለሁ። ረጅሙ ከታች ነው። አንዱ ብቻ ዘንጉ ላልቶ አገኘሁትና አጥብቄ መጣሁ። መሐንዲሱ ማን ነገረሽ ሲለኝ አባቴ አልኩት።

እርስዎም ምን አስኬደሽ ላሉኝ ልመልስልዎ። ነፋስ ኮረብታ ሲገጭ ዝም ብሎ አያልፍም። ወንዝ ድንጋይ ላይ ሲደርስ እንደሚነሳው እሱም ይነሳል፤ ማዕበል ይሆናል። ማዕበሉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይገንናል፤ ከደመናው ሁሉ በላይ፣ ስትራቶስፌር ከሚባለው ስስ አየር ይደርስና እዚያ ይሰበራል። ሲሰበር የላይኛውን ነፋስ ይገፋል፤ የዝናቡ ነገር ሳይቀር ከዚያ ጋር ይያያዛል። በዓይን አይታይም። እኛ በራዳሩ የሬዲዮ ምት ወደ ላይ እንልካለን፤ አየሩ ራሱ ጥቂት ይመልሳል። የሚመለሰው እጅግ ደካማ ነው። አንዱን ብቻውን ቢያዩት ጫጫታ ነው፤ ብዙውን ሲደምሩት ግን እውነቱ ይወጣል።

የእኔ ልኬት ጥር አንድ ቀን ይጀመርና ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ያለፈው ሁሉ ይበላሻል፤ ዓመት መጠበቅ ይመጣል፤ የትምህርት ድጋፌ ደግሞ ነሐሴ ላይ ያበቃል። ሰው አይተካኝም። ይህን የምነግርዎ እንዳይጠሩኝ አይደለም። አባቴን ይጠይቁልኝ። ነይ ካለኝ ነገ እነሳለሁ። መልሱን በእጁ ይጻፍልኝ።

አክባሪዎ ሙፊዳ

*

ልደታ
መጋቢት 4 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለሙፊዳ፣

ወአለይኩም ሰላም። ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሷል፤ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አባትሽ ደህና ነው። አትምጪ ብሏል። ትምህርትሽን ጨርሺ። ሽሮፕም ሌላም አትላኪ፤ ምንም አንፈልግም። እጁን ስለሚያመው አልጻፈም።

አላህ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ ሸምሲያ

*

ከራዳር ጣቢያው
መጋቢት 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ሸምሲያ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ለአረፋ በዓል አደረሳችሁ።

ሦስት ወር ያህል ጠብቄ ያገኘሁት አምስት መስመር ነው። ኅዳር ላይ ለምን ጥለሽው ሄድሽ ብለው ሲሰድቡኝ የነበሩት እርስዎ፣ መጋቢት ላይ አትምጪ ይሉኛል። ሽሮፕ ላኪ ያሉኝ እርስዎ፣ ምንም አንፈልግም ይሉኛል። ስድብዎ የት ሄደ? እርስዎ ካልተሳደቡ ደህና አይደሉም፤ አውቅዎታለሁ።

ከአረፋ በፊት ባለው ሳምንት የወር ድጋፌን ይዤ ከተማ ወርጄ አቶ ደገፋ ቤት ደወልኩ። አባቴን ይጥሩልኝ ብላቸው «ሶላት ላይ ነው» አሉኝ። በእናንተ ሰዓት ከጠዋቱ አራት ነበር። በአራት ሰዓት የምን ሶላት ነው? አቶ ደገፋ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ከሙስሊም ጎን ኖረው የሶላት ሰዓት አለመለየታቸው ያሳፍራል። ሳንቲሜ እስኪያልቅ ስለ ዝናብ አወሩኝ።

እጁን ያመዋል ብለዋል። ይሁን። አፉን አያመውም። ካሴት ቅዱልኝ። ሁለት ቃል ይበቃኛል። ሙፊ ይበልና ያስል። ካሴቱ ካልመጣ ልኬቱንም ትምህርቱንም ጥዬ እነሳለሁ፤ ቀልዴን አይደለም።

ሙፊዳ

*

ልደታ
ግንቦት 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለሙፊዳ፣

ወአለይኩም ሰላም። ለእኔ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ይጻፋል? በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ የምትመረምሪኝ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው? አቶ ደገፋም አዝነዋል፤ ጆሯቸው ከከዳቸው ቆየ፤ ምን እንዳልሽም አልሰሙም።

ካሴት መቅጃችን ተበላሽቷል። ግን ልብሽ እንዲያርፍ ያየሁትን ልንገርሽ። የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ነው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥኑን እያሰናዳ ነው። የእኛን አንቴና ነፋስ አጣሞት ሥዕሉ አሸዋ ሆኖ ነበር። ባለፈው እሑድ በጠዋት አባትሽ መሰላሉን አቁሞ ጣራ ላይ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ውረድ፣ ትወድቃለህ ቢለው አልሰማም። ብሎኑን ፈታ፤ ረጅሙን ዘንግ ወደ ፊት አድርጎ ወደ ፉሪ አዞረው፤ መልሶ አጠበቀና በደህና ወረደ። ሥዕሉም እንደ መስታወት ጠራ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሻዩን ጠጣ። ታዲያ ይኼ የታመመ ሰው ነው?

ሁለተኛ ካሴት ምናምን እንዳትዪኝ። ለሰኔ ጥቂት ነው የቀረው፤ ጨርሺና ነይ።

አክስትሽ ሸምሲያ

*

ከራዳር ጣቢያው
ሰኔ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ሰላምታ የለኝም።

አባቴ ሞቷል።

ረጅሙ ዘንግ ወደ ፉሪ አይዞርም። የቴሌቪዥኑ ማሰራጫ ያለው ፉሪ ተራራ ላይ ነው፤ አጫጭሮቹ ናቸው ወደ እሱ የሚያዩት። ረጅሙ ከኋላ ነው የሚቆመው። «ረጅሙ ጀርባው ነው» እያለ ነበር የሚያስተምረኝ፤ ተሳስቼ የገጠምኩ ቀን ፈትቶ ከመጀመሪያው ያስጀምረኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ከሱቅዎ ጎን ተቀምጦ ሲሠራ እርስዎ አንድ ቀን ዘወር ብለው አላዩም። አባቴ በሕይወቱ አንቴና ገልብጦ አላቆመም፤ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ እንኳ አያደርገውም። አድርጎት ቢሆን ደግሞ ሥዕሉ እንደ መስታወት አይጠራም። ስለዚህ ጣራው ላይ የወጣ አባት የለኝም።

እያንዳንዱን ደብዳቤ ብቻውን ሳነበው ምክንያት አገኝለት ነበር። እጁን አሞት ይሆናል። አቶ ደገፋ አልሰሙ ይሆናል። ዛሬ ሁሉንም አንድ ላይ አልጋዬ ላይ ዘረጋኋቸው። ሥራዬ ይኼ ነው እኮ! ደካማውን ደምሮ የተደበቀውን ማውጣት ነው የተማርኩት። እርስዎ ላይ መዋሉ አንገበገበኝ።

መቼ? ጥር ነው? የካቲት ነው? ማን አጠበው? ስሜን ጠራ ወይስ አልጠራም? አንድ ነገር ብቻ ለምኜዎት ነበር፤ በሕይወት ሳለ ልየው ብዬ። ሁለት ጊዜ አደረጉብኝ። ለእናቴ ልጅ ነበርኩ፤ ለአባቴስ ምን ነበርኩ?

ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር፤ መልሼ አስገባሁት። ለማን ብዬ ነው የምሮጠው?

ሙፊዳ

*

ልደታ
ሰኔ 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለሙፊዳ፣

ቢስሚላህ። አላህ ምሕረቱን ለእሱ፣ ሶብሩን ለአንቺ ይስጥ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ጥር 27 ቀን ነው፤ ኢድ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ። ያጠቡት መስጊድ አብረውት የሚሰግዱት ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴው ሙኒርም ነበረበት። ከዙሁር በኋላ ኮልፌ ተቀበረ።

አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። ምን ላድርግሽ ኖሯል? መርዶ በወረቀት ልላክልሽ? ብቻሽን ሩዝ ማሳ መሃል ቆመሽ ፖስታ ቀደሽ አባትሽ ሞተ የሚል ልታነቢ? የሚይዝሽ ሰው የለ፣ የሚያለቅስልሽ ሰው የለ። ሰው ለጠላቱም እንዲህ አያደርግም። ሙኒር ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጨርቅ ሊያመጣ ቦምቤይ ይሄዳል። ከዚያ በባቡር አንቺ ዘንድ ደርሶ በጠዋት፣ በወጉ እንዲነግርሽ ተማምለን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አምስት ወር አፉን የያዘው ለአንቺ ሲል ነው። አቶ ደገፋ ስልኩን ዘግተው እንደ ልጅ አልቅሰዋል፤ አንቺ ሶላት አያውቁም ብለሽ ሰደብሻቸው።

መደበቁ ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። የታኅሣሡ ደብዳቤሽ ሲደርስ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ሁሉንም አነበብኩለት። ነይ ካለኝ ነገ እነሳለሁ ያልሽውንም አነበብኩለት። «ከተቋረጠ ምን ይሆናል ነው የምትለው?» አለኝ። ደግሜ አነበብኩ። «አትጥሯት። እስክትጨርስም አትንገሯት» አለ። ተጣላሁት። አልጋው ላይ እንደተኛ ጮህኩበት፤ ነርሷ አስወጣችኝ። ተመልሼ ስገባ አስማለኝ። አምስት ወር ሙሉ በእሱም በአንቺም ስናደድ ኖርኩ። ይሰበራል ባልሽው ነፋስ ተናደድኩ። ለምን ያንን ጻፍሽለት? ለምን ዝም ብለሽ አልመጣሽም? ስምሽን ጠራ ወይ ላልሽው፣ ከእሱ ሌላ አልጠራም።

አንቴናውን እኔ ነኝ ያዞርኩት።

እሑድ ያልኩሽ እውነት ነው፤ ነፋስ አጣሞት ነበር፤ የሰፈሩ ጎረምሶች እናስተካክል ብለው መጡ። በከር የሠራውን ሌላ ሰው አይነካውም ብዬ አባረርኳቸው። በስድሳ ዓመቴ ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ጎረቤት ሁሉ ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ ሲል አልሰማሁም። ረጅሙ ትልቁ ነው፤ ትልቅ ደግሞ ይቀድማል ብዬ ወደ ፉሪ አዞርኩት። ከዚያ ለአንቺ ስጽፍ እኔ ያደረግኩትን ሁሉ በእሱ ስም ጻፍኩት። ሥዕሉ ጠራ ያልኩት ብቻ ውሸት ነው። እስከ ዛሬ አሸዋ ነው። ኳሱን ሊያዩ የመጡት ልጆች ማን ከማን እንደሚጫወት ሳይለዩ ሄዱ።

ሃያ ስድስት ዓመት አላዩም ያልሽኝ ግን አንጀቴን አሳረረው። ወንድሜን አይቼዋለሁ። ሥራውን ነው ያላየሁት።

ሸምሲያ

*

ከራዳር ጣቢያው
ሐምሌ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ሸምሲያ፣

አሰላሙ አለይኩም። አቶ ደገፋን ስለ ስድቤ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። እርስዎን ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እርስዎም አይጠይቁኝ። ገና አልበረደልኝም።

ልኬቱ ሰኔ ሠላሳ አልቋል። ማዕበሎቹ ከኮረብታው ተነስተው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥተው ሲሰበሩ አይቻለሁ። መምህሬ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ እጄን ጨበጠኝ። እኔ ክፍሌ ገብቼ የጥር 27ን መዝገብ ገለጥኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በእጄ «ነፋስ ጸጥ ያለ፤ ሁሉም ደህና» ብዬ ፈርሜያለሁ። ከጎኑ ሰዓቱ ሳይቀር አለ። ያንን ገጽ ቀድጄ ልጥለው ፈለግኩ፤ ግን ከተቀደደ ልኬቱ ይጎድላል፤ እሱ ደግሞ እንዳይጎድል ብሎ ነው የሞተው። ትቼዋለሁ።

አባቴም ላይ ተናድጃለሁ። ጥያቄውን የጠየቅኩት እሱን ነበር፤ መልሱን ደግሞ አስቀድሜ እኔው ጽፌ ሰጠሁት። ይህንን ለማን ልንገር?

ሙኒር እንዳይመጣ ይንገሩት። እኔ እመጣለሁ። ነሐሴ 25 ቀን ከሰዓት አዲስ አበባ እገባለሁ። ማንም ሊቀበለኝ አይምጣ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታ ወይዘሮ ወይንሀረግ ቤት ነው የምሄደው፤ ያኔ የደበቃችሁኝ ቤት። እዚያ አድራለሁ። ብስኩት እንዳይገዙልኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እርስዎ፣ ሙኒርና አቶ ደገፋ መጥታችሁ በሩን አንኳኩ። እኔ እንደማላውቅ ሆኜ እከፍታለሁ። እናንተም በወጉ ትነግሩኛላችሁ። አምስት ወር ሙሉ ዋሽታችሁኛልና፣ አንድ ጠዋት እውነቱን ፊቴ ቆማችሁ ንገሩኝ። ከዚያ ይዛችሁኝ ወደ ቤት ትወስዱኛላችሁ። ድንኳኑ እንደገና ይተከል። ተለቅሶለታል አትበሉኝ። ለእኔ አልተለቀሰም።

ከለቅሶው በኋላ መሰላሉን ይይዙልኛል፤ ጣራው ላይ ወጥቼ አጫጭሩን ወደ ፉሪ እመልሰዋለሁ። እስከዚያ ድረስ አንቴናውን ማንም አይንካው። እርስዎ እንዳዞሩት ላየው እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ሙፊዳ